የልጅ የሚወልቅ ብሬስ በቤት ውስጥ፦ አደራረግ፣ ጽዳት፣ ብሎን ማዞር፣ ሲሰበር የሚደረገው

«ሲቆሽሽ በፈላ ውሃ ልቀቅለው?» ተብዬ የማልጠየቅበት ሳምንት የለም። የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ብሬሱን፣ ማለትም ጥርስ የሚያስተካክለውን መሣሪያ፣ ልጁ አፍ ላይ ለክቶ ሲጨርስ፣ ስለ አያያዙ ለወላጅ የማስረዳው እኔ ነኝ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ወላጅ ብዙ ነገር ይነገረዋል፣ ቤት ሲደርስ ግን ግማሹ ከጭንቅላቱ ይጠፋል፤ በማግስቱ ይደውላል። ጥያቄዎቹ ከቤት ቤት ስለማይለያዩ መልሱን በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ፦ አይቀቀልም። ለምን እንደማይቀቀል ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

መመሪያው ልጁ ራሱ እያወለቀ መልሶ ለሚያደርገው ብሬስ ነው። ላንቃ ላይ ወይም ከታች በምላስ በኩል የሚቀመጥ ፕላስቲክ አለው፤ መንጋጋ ጥርስ የሚይዙ መንጠቆዎች አሉት፤ ከፊት ጥርሶች ፊት የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ አለው፤ አንዳንዱ መሀሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለው። ጥርስ ላይ በማጣበቂያ ለተለጠፈ ብሬስ አያያዙ ሌላ ነው። የናንተ ሐኪም እዚህ ከተጻፈው የተለየ ነገር ካዘዘም የእሱን ተከተሉ። የልጃችሁን አፍ ያየው እሱ ነው።

ቤት ውስጥ መኖር ያለባቸው ነገሮች

• የብሬስ ሣጥን፣ ሁለት። ጠንካራና የአየር ቀዳዳ ያለው ይሁን። አንዱ ቤት ይቀመጣል፣ ሌላው ከትምህርት ቤት ቦርሳ አይወጣም። ሁለቱም ላይ የልጁን ስምና የወላጅ ስልክ ጻፉ።
• ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት። አንዱ ለጥርስ፣ አንዱ ለብሬሱ።
• ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና። ለጥርስ ብቻ ነው።
• ፈሳሽ ሳሙና። የእጅ መታጠቢያም ሆነ ላርጎ ይሆናል።
• ነጭ አቼቶ።
• ትንሽ መስታወት።
• የብሎኑ ቁልፍ፣ ብሎን ካለው። ረዘም ያለ ክር እሰሩበት፤ እንዳይጠፋም፣ ከእጅ ቢያመልጥ በቶሎ እንዲያዝም ይረዳል።
• የብሬስ ሰም። ክሊኒክ ወይም ፋርማሲ ይገኛል።
• ጨው።
• የግድግዳ ካላንደርና እስክሪብቶ።
• ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ ለዚሁ ብቻ የሚቀመጥ አንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ውሃ።

በረኪና፣ ኦሞ፣ አልኮል፣ ሞረድ፣ ፒንሳና ሱፐር ግሉ ከብሬሱ አጠገብ አይድረሱ።

ደረጃ 1፦ ከክሊኒኩ ሳትወጡ ጠይቁ

በቀን ስንት ሰዓት ይደረጋል? ሲበላ ይውለቅ ወይስ አፉ ውስጥ ይቆይ? ብሎኑ በስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ ይዞራል? ቢሰበር ወይም ቢጠፋ የሚደወለው የት ነው? መልሱን ወረቀት ላይ አስጽፉ። የጎረቤት ልጅ ብሬስ የሚመስል ሁሉ እንደዚያ አይሠራም። ሌሊት ብቻ የሚደረግ አለ፣ ቀንና ሌሊት የሚደረግ አለ። ወደ ኋላ የቀረን የታች መንጋጋ ወደ ፊት የሚያመጣው፣ ከላይም ከታችም የሚደረገው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሲበላም አይወልቅም። የሌላ ልጅ መመሪያ ወስዶ መከተል ወራት ያስከፍላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ልጁ እዚያው ክሊኒክ፣ መስታወት ፊት፣ ያለማንም እርዳታ ብሬሱን አድርጎና አውልቆ እስኪያሳይ ድረስ አትውጡ። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያወልቅለት ሰው የለም።

ደረጃ 2፦ አደራረግና አወላለቅ

ብሬስ በአብዛኛው የሚበላሸው በአፍ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ነው። ስለዚህ ይህን ደረጃ ደጋግማችሁ አሠሩት።

ለማድረግ፦

ሀ. እጅ በሳሙና ይታጠብ። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የነካ ጣት ድድ ላይ ሲያርፍ ልጁ የሚጠላው በርበሬውን ሳይሆን ብሬሱን ነው።

ለ. ብሬሱ በውሃ ይርጠብ። እርጥብ ሲሆን በቀላሉ ገብቶ ቦታውን ይይዛል።

ሐ. የላይኛው ከሆነ፣ ልጁ በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ፕላስቲኩን ከኋላ፣ በመንጋጋ ጥርሶቹ አጠገብ፣ ግራና ቀኙን እኩል ወደ ላይ ይግፋ። የታችኛው ከሆነ በጠቋሚ ጣቶቹ እኩል ወደ ታች ይጫን። መንጠቆዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ «ቀጭ» የሚል ስሜት ይሰማል።

መ. በመስታወት ይታይ። ፕላስቲኩ ላንቃው ላይ ያለ ክፍተት መተኛት አለበት። የፊቱ ሽቦ ከጥርሶቹ ፊት እንጂ ጫፋቸው ላይ መሆን የለበትም። ከንፈር ወይም ጉንጭ ሥሩ ገብቶ እንዳይሆንም እዩ።

ለማውለቅ፦

ልጁ የሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቹን ጥፍር በመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ ባሉት መንጠቆዎች ሥር አስገብቶ፣ ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ይሳብ፤ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ። መጀመሪያ አንዱ ጎን ብቻ ከወጣ ሌላው ጎን ያለው መንጠቆ ይጣመማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የፊቱን ሽቦ ይዞ ማውለቅ ፈጽሞ አይፈቀድም። የፊቱ ሽቦ ጥርስን የሚገፋው በትንሽ ልኬት ተስተካክሎ ነው። በጣት ሲሳብ ልኬቱ ይለወጣል፤ ጥርሱም ሐኪሙ ወዳላሰበው አቅጣጫ ይገፋል። ከውጭ ሲያዩት ደግሞ ምንም የተበላሸ አይመስልም።

ማስጠንቀቂያ፦ አፍ ውስጥ ጣል አድርጎ ነክሶ ማስገባት አይቻልም። የንክሻው ኃይል አንድ መንጠቆ ላይ ያርፋል። ሽቦ የሚሰበረው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየቀኑ ትንሽ ይጎብጥና አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ለሁለት ይሆናል። በምላስ እየገፉ አውጥቶ መመለስም እንዲሁ ነው። ልጆች ትምህርት ሲሰለቻቸው ወይም ቴሌቪዥን ሲያዩ ሳያውቁት ያደርጉታል። «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ምራቅ ይበዛል፣ አፍ የሞላ ይመስላል፣ ንግግር ይንተባተባል፤ «ሰ»ና «ሸ» ያስቸግራሉ። ምላስ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ነው፤ ምራቁ በአንድ ሁለት ቀን፣ ንግግሩ በጥቂት ቀናት ይስተካከላል። ለማፋጠን ብሬሱ አፉ ውስጥ እያለ በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከሰው ጋር ሲያወራ እያወለቀ የሚያወራ ልጅ ግን ምላሱ ስለማይለማመድ መንተባተቡ ይረዝምበታል።

ጥርሱን ሁሉ ደፈን ያለ ሕመም ሊሰማው ይችላል። ጥርስ እየተገፋ መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይበርዳል። እነዚያን ቀናት ገንፎ፣ ሹሮ፣ ፍርፍር፣ እንቁላል ስጡት። ካስፈለገ ፓራሲታሞል በክብደቱና በዕድሜው ልክ፣ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጠዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

«አመመው ብዬ ለሦስት ቀን አወለቅኩለት» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። አንጀታቸው ሳይችል ቀርቶ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ብሬሱ ተመልሶ ሲገባ የመጀመሪያው ቀን ሕመም እንደገና ይጀምራል። ልጁ አንድ ጊዜ ማለፍ የነበረበትን ሁለት ጊዜ ያልፈዋል። የሚሻለው ብሬሱን ሳያወልቁ በለስላሳ ምግብና በማስታገሻ ማሳለፍ ነው።

ደረጃ 4፦ የሰዓቱ ሒሳብ

ብሬሱ የሚሠራው አፍ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ጥርስን የያዘው አጥንት በአንድ በኩል እየሟሟ በሌላ በኩል እየተሠራ ጥርሱን የሚያሳልፈው፣ ቀላል ግፊት ሳይቋረጥ ለረጅም ሰዓት ሲያርፍበት ነው። ግፊቱ በየመሀሉ ከተቋረጠ ጥርሱ ወደፊት ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል። እንዲህ የሚመላለስ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ያማል፣ ቦታውንም አይለውጥም።

በቀን 22 ሰዓት ከታዘዘለት፣ ለመብላትና ጥርስ ለመቦረሽ ያለው ጊዜ በጠቅላላው 2 ሰዓት ነው። ሦስት ምግብ ላይ 25፣ 25 ደቂቃ ቢሄድ 75 ደቂቃ ነው፤ የቀረው 45 ደቂቃ ብቻ ነው። «ከትምህርት ቤት ሲመጣ ያደርገዋል» የሚለው አሠራር ለዚህ ልጅ አይሆንም ማለት ነው።

እንዲህ አድርጉ፦ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፉ። ልጁ ራሱ ያወለቀበትንና ያደረገበትን ሰዓት ይጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ አብራችሁ ደምሩት። መጻፉ ለቁጣ አይሁን፤ የተቆጣ ልጅ የሐሰት ሰዓት መጻፍ ይጀምራል። ሰዓቱ ከጎደለ የጎደለበትን ቦታ ፈልጉ፤ በአብዛኛው ከምሳ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ልጁ ማድረጉን እንዴት እንደሚያውቅ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ብሬሱን በደንብ የሚያደርግ ልጅ ላንቃ ላይ የፕላስቲኩ ጠርዝ ቀለል ያለ መስመር ትቶ ይታያል። ብሬሱን አድርጎ ሲያወራ አይንተባተብም፤ ሲያወልቀውም መስታወት አይፈልግም። የማያደርገው ልጅ ብሬስ ከወር በኋላ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፣ ሲገባም ይጠብቃል። እናንተም ቤት ውስጥ እነዚህን ማየት ትችላላችሁ።

ደረጃ 5፦ ምግብና መጠጥ

ሲበላ እንዲያወልቅ ከታዘዘ፦ ሣጥኑ ከእንጀራው በፊት ገበታው ላይ ይቀመጥ። ብሬሱ ከአፍ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ አፍ ብቻ ነው የሚሄደው። ሶፍት ውስጥ፣ ኪስ ውስጥ፣ ሳህን ጠርዝ ላይ አይቀመጥም። ከጠፉት ብሬሶች አብዛኞቹ በሶፍት ተጠቅልለው ገበታ ሲነሳ አብረው የተጣሉ ናቸው። ቤት ውስጥ የምትረዳችሁ ሠራተኛ ካለች እሷም ብሬሱን አይታ ትወቀው፤ የማታውቀውን ነገር ጣለች ብሎ መቆጣት አግባብ አይደለም።

አድርጎ እንዲበላ ከታዘዘ፦ ምግቡ በትንሽ በትንሹ ይቆረስለት። በዓል ሲሆን አያቶች የሚያጎርሱት ትልልቅ ጉርሻ በፍቅር ቢሆንም መንጠቆ ያጎብጣል፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከበላ በኋላ ብሬሱ ወልቆ ይታጠብ፣ ጥርሱም ይቦረሽ።

በሁለቱም አኳኋን ብሬሱ አፍ ውስጥ እያለ እነዚህ አይገቡም፦

• ቆሎ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ በረዶ፣ አጥንት መጋጥ፣ ሸንኮራ አገዳ፦ ሽቦና ፕላስቲክ ይሰብራሉ።
• ማስቲካና የሚጣበቅ ከረሜላ፦ መንጠቆውን ይዘው ይነቅላሉ።
• ለስላሳና ጣፋጭ ጭማቂ፦ ስኳሩ በፕላስቲኩና በጥርሱ መካከል ተይዞ ይቆያል። ምራቅ እዚያ ገብቶ ስለማያጥበው ጥርሱ ከውስጥ በኩል፣ ከማይታየው ጎን ይበላል።
• ትኩስ ሻይና ትኩስ ሾርባ፦ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ሊያጣምም ይችላል።

ውሃ ሁልጊዜ ይፈቀዳል። እርድ የበዛበት አልጫ ፕላስቲኩን ቢጫ ያደርጋል፤ አይጎዳውም፣ ቶሎ ከታጠበ ይቀንሳል።

ደረጃ 6፦ ጽዳት

በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፦

ሀ. ማጠቢያው ውስጥ ውሃ አጠራቅሙ ወይም ፎጣ አንጥፉ። ሳሙና የነካው ብሬስ ከእጅ ያመልጣል፤ ሴራሚክ ላይ ከወደቀ ይሰነጠቃል።

ለ. ቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁት።

ሐ. በራሱ ብሩሽና በአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና እሹት። ፕላስቲኩን በመዳፍ ያዙት፤ ሽቦው ላይ ጫና አይረፍ። ላንቃን የሚነካውን ገጽ አስበልጡ፤ ከውጭ ንጹሕ መስሎ የሚሸት ብሬስ ቆሻሻው እዚያ ነው። መንጠቆዎቹ ከፕላስቲኩ የሚወጡበትን ሥርና የብሎኑን ጉድጓድም አትርሱ።

መ. የሳሙናው ጣዕም እስኪጠፋ በሚጠጣ ውሃ አለቅልቁ።

ሠ. ልጁ ብሬሱን ከመመለሱ በፊት ጥርሱን በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ ይቦርሽ። ያልተቦረሸ ጥርስ ላይ ብሬስ ማድረግ ምግቡን ጥርሱ ላይ ከድኖ መተው ነው።

የጥርስ ሳሙና ለብሬሱ አይሆንም። ጥርስን የሚያጸዳው ሻካራ ዱቄት ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ በየጭረቱ ውስጥ ጀርም ይሰፍራል፣ ሽታም ይመጣል። የመፋቂያ እንጨትም እንዲሁ ይጭረዋል።

በሳምንት አንድ ጊዜ፦ ብሬሱ ላይ፣ በተለይ የታችኛው ከሆነ ከፊት ጥርሶች ኋላ በሚያርፈው ክፍል፣ ነጭ ጠጣር ነገር ይጋገርበታል። ከምራቅ የሚመጣ ማዕድን ስለሆነ በብሩሽ አይለቅም፤ በጥፍር ወይም በቢላ ከተፋቀ ፕላስቲኩ ይጎዳል። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ ብሬሱን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ቦርሹና በደንብ አለቅልቁ። ዘፍዝፎ ማሳደር ግን ብረቱን ይጎዳል። ለሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ የሚሸጡት ክኒኖች ካገኛችሁም ይሆናሉ፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፉ፣ ክኒኑንም ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ።

አሁን ወደ መቀቀሉ ልመለስ። የብሬሱ ፕላስቲክ የተሠራው ከልጁ ላንቃ በተወሰደ ልክ ነው። የፈላ ውሃ ልኩን ያዛባዋል። የተዛባው ብሬስ በዓይን ሲታይ ያው ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ይነቃነቃል ወይም አንድ ጎን ያቆስላል። ተመልሶ አይስተካከልም፣ አዲስ ይሠራል። ከሰል አጠገብ፣ ምጣድ አጠገብ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ ተቆልፎ የቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥም እንደ መቀቀል ነው። በረኪና ደግሞ ብረቱን ያዝጋል፣ ፕላስቲኩም ቀለሙን ይለቃል፤ ልጁም በረኪና መዋጥ የለበትም።

ደረጃ 7፦ ብሎን ማዞር

ብሬሱ ብሎን ከሌለው እለፉት። ካለው ግን ቤት ውስጥ ከምትሠሩት ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው።

1. ማን እንደሚያዞር ወስኑ። አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እናት ጠዋት አዙራ አባት ማታ ሲደግመው ብዙ አይቻለሁ።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ወስኑ፤ ለምሳሌ ሐኪሙ በሳምንት አንዴ ካለ ቅዳሜ ማታ። ከመኝታ በፊት መሆኑ የሚጠቅመው የመጀመሪያዎቹ የመጠበቅ ሰዓታት በእንቅልፍ ስለሚያልፉ ነው።

3. ብሬሱን አውልቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ ብርሃን ባለበት ያዙት። መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳና አጠገቡ ቀስት ይታያል።

4. የቁልፉን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ እስከ መጨረሻ አስገቡና ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ግፉ። ቀጣዩ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ድረስ ነው። አዲሱ ቀዳዳ በግማሽ ከታየ ዙሩ አላለቀም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፉ አይገባም።

5. ቁልፉን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ሲወጣ ወደ ኋላ ከተሳበ የተዞረው ይመለሳል።

6. ወዲያው ካላንደሩ ላይ ምልክት አድርጉ።

ይህ አንድ ሩብ ዙር ነው። በአብዛኞቹ ብሎኖች ላይ ብሬሱን ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ያሰፋዋል። ትንሽ ይመስላል፤ የልጁ ጥርስና አጥንት በአንድ ጊዜ የሚችለው ግን ይህን ያህል ነው። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ አብዝቶ ማዞር ጥርሱን አያፈጥነውም። ብሬሱ ቦታው ላይ መግባት ያቆማል፣ ያልገባ ብሬስ ደግሞ ምንም አይሠራም።

ካዞራችሁ በኋላ ጠበቅ ማለቱ ትክክል ነው፤ በማግስቱ ይላላል። ጨርሶ አልገባም ካለ አታስገድዱት፤ አንድ ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሳችሁ አስገቡትና ክሊኒኩ ጋ ደውሉ። አንድ ሳምንት ሳታዞሩ ካለፋችሁም ሁለት ሩብ ዙር በአንድ ጊዜ አታድርጉ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ ትምህርት ቤት፣ ጨዋታ፣ ሕመም

ለክፍል ኃላፊው መምህር አጭር ማስታወሻ ላኩ፦ ልጁ ብሬስ እንደሚያደርግ፣ ለምሳ እንደሚያወልቅ፣ መጀመሪያ ላይ ንግግሩ እንደሚቸገር። ምሳ ዕቃው ውስጥ ሣጥኑ የሚገባበት ቦታ አብጁለት፤ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ሣጥኑን ያያል፣ ሲዘጋም ያስታውሳል።

ኳስ፣ ትግልና ዋና ሲሆን ይውለቅ። በግጭት የተሰበረ ሽቦ አፍ ይቆርጣል፤ ዋና ላይ ደግሞ ከአፍ ወጥቶ ይሰምጣል።

ጉንፋን ይዞት በአፍንጫው መተንፈስ ካቃተው እስኪከፈት ይውለቅ። ካስታወከ አውልቁ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ አፉንም በውሃ ይጉመጥመጥ፤ ጥርሱን ግን ወዲያው አይቦርሽ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ከሆድ የመጣው አሲድ የጥርሱን ገጽ አለስልሶታል።

ችግር ሲገጥም

አንድ ቦታ ብቻ ቆሰለ። ደፈን ያለው የጥርስ ሕመምና ቁስል ይለያያሉ። በባትሪ እዩ፤ ድድ ወይም ጉንጭ ላይ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ ካለ ብሬሱ እየፋቀው ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጉመጥመጥ። የሚወጋው የሽቦ ጫፍ ከሆነ ሽቦውን አድርቃችሁ ሰም ለጥፉበት። ክሊኒክ ደውላችሁ ቀን ያዙ። ሕመሙ ከባድ ከሆነና አውልቃችሁት ከቆያችሁ፣ ወደ ክሊኒኩ ከመምጣታችሁ በፊት ባለው ቀን መልሶ ያድርገው፤ ሐኪሙ ፕላስቲኩን የት ላይ እንደሚሞርደው የሚያውቀው ቁስሉን ሲያይ ነው። ቤት ውስጥ በሞረድ አትሞክሩት።

ላላ፣ ይወድቃል። መንጠቆው ሊጠብቅ ይገባል ማለት ነው፤ ለሐኪሙ የደቂቃ ሥራ ነው። በፒንሳ የተነካ መንጠቆ ግን ብዙ ጊዜ ይሰበራል።

ተሰበረ። አውልቁት። ስብርባሪውን ሁሉ ሰብስቡ፤ ፎቶ አንስታችሁ ለክሊኒኩ ላኩና በዚያው ቀን ደውሉ። ሱፐር ግሉ ለአፍ የተሠራ አይደለም፤ ደግሞም አንዴ የነካው ብሬስ ስብራቱ ልክ ስለማይገጥም ለጥገና ያስቸግራል። «ቀጠሮው የዛሬ ወር ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጥርሱ በቀናት ውስጥ መመለስ ይጀምራል።

ቁራጭ ዋጠ ወይም የገባበት ጠፋ። ልጁ ካሳለ፣ ትንፋሹ ካፏጨ ወይም መተንፈስ ካቃተው ድንገተኛ ነው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ምንም ባይሰማውም በዚያው ቀን ለሐኪም ይታይ፤ የሽቦ ጫፍ ስለታም ነው፣ የት እንዳለ በራጅ መታየት አለበት።

የወተት ጥርስ ተነቃነቀ ወይም ወለቀ። ብሬሱ ከገባ ይቀጥል፤ ለክሊኒኩም ንገሩ። አዲሱ ጥርስ ሲወጣ ፕላስቲኩ መንገድ ሊዘጋበት ይችላል፤ ሐኪሙ ይሞርድለታል።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

ልጁ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ ወይም ለፎቶ ሲወጣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ማውለቅ። አንድ ቀን አንድ ቀን ሆኖ አይቀርም።

የወንድሙን ወይም የእህቱን የቆየ ብሬስ ማድረግ። የተሠራው ለሌላ አፍ ነው፤ ጥርስን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይገፋል።

ለሳምንታት ተትቶ የጠበበውን በኃይል መጫን። መንጠቆው ወይም የጥርሱ ሥር ይጎዳል። ደውሉ።

ጥርሱ ቀጥ ሲል «አለቀ» ብሎ ማቆም። ቀጥ ያለው ጥርስ ዙሪያ ያለው አጥንትና ድድ ገና አልረጋም። ሐኪሙ ማቆያ፣ ማለትም የተስተካከለው ጥርስ ባለበት እንዲቆይ የሚደረግ መሣሪያ፣ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ የማቆያው ጽዳትም ከላይ እንደተጻፈው ነው።

ለጉዞ

ብሬሱ አፍ ውስጥ ወይም በእጅ ቦርሳ ይሂድ፤ የሚጫን ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ አገር ለክረምት አገር ቤት የምትመጡ ደግሞ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁ ሦስት ነገር ይጻፍላችሁ፦ የብሬሱን ዓይነት፣ እስካሁን ብሎኑ የዞረውን ብዛት፣ እዚህ እያላችሁ መዞሩ ይቀጥል እንደሆነ። ወረቀቱ በእጃችሁ ከሌለ፣ ቢሰበር እዚህ ያለው ሐኪም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ተለዋጭ ቁልፍም ያዙ።

ወደ ቀጠሮ ስትመጡ

ልጁ ብሬሱን አድርጎ ይምጣ፣ ጥርሱንም ቦርሾ። የሰዓቱን ወረቀት፣ ብሎን ያዞራችሁበትን ካላንደር ወይም ፎቶውን፣ ሣጥኑንና ቁልፉን ያዙ። ዙሩ የጎደለበት ሳምንት ካለ እንዳለ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ቀጣዩን ልኬት የሚያሰላው በተዞረው ብዛት ነው፣ በትክክል ያልተነገረ ቁጥር ብሬሱን ያለ ልኩ ያስጠብቃል። ቁስል የነበረበትን ቦታ ልጁ ራሱ በጣቱ ያሳይ።